ፊደል ወንጀል በነበረበት አገር፤ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ትምህርት ቤቶቻቸውን እንዴት አቆሙ?

የአሜሪካ ጥቁሮችና የትምህርት ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሰጠው የብራውን ፍርድ ነው። ሕግ በምማርበት ዘመን እኔም ታሪኩ ከዚያ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ዳኞች ተሰየሙ፣ አንድ ጎበዝ ጠበቃ ቆሞ ተከራከረ፣ የጥቁር ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፤ በቃ። ቆይቼ ሳነብ ግን ያ ፍርድ የታሪኩ መጀመሪያ ሳይሆን ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለ ምዕራፍ መሆኑን ተረዳሁ። ከዚያ ዘጠና ዓመት ቀደም ብሎ ትናንት ባሪያ የነበሩ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው፣ ብዙ ጊዜም ማንም ሳይረዳቸው፣ በየዛፉ ጥላና በየቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የእነሱን ነገር ነው።

ነገሩን ከወንጀል ሕግ እንጀምር። ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1740 ባወጣችው ሕግ ባሪያን መጻፍ ያስተማረ ሰው መቶ ፓውንድ እንዲቀጣ ደነገገች። አንባቢ ልብ ይበል፤ የተከለከለው መጻፍ ነው። ማንበብ ያን ያህል አላሰጋቸውም ነበር፤ ባሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ቢያነብ፣ ለጌታህ ታዘዝ የሚለውን ጥቅስ ያገኛል ብለው ያስቡ ነበርና። መጻፍ የቻለ ባሪያ ግን የራሱን የይለፍ ወረቀት ጽፎ መንገድ ሊጀምር ይችላል።

ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ማንበቡም አስፈሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1829 በቦስተን የሚኖር ዴቪድ ዎከር የተባለ ነፃ ጥቁር ባሪያዎች እንዲነሱ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ አሳትሞ በመርከበኞች እጅ ወደ ደቡብ አሰራጨ። እ.ኤ.አ. በ1831 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው ሰባኪ ናት ተርነር በቨርጂኒያ አመፅ መርቶ ነጮቹን አንቀጠቀጣቸው። በእነዚህ ዓመታት ጆርጂያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቨርጂኒያና አላባማ ተከታትለው የከለከላ ሕግ አወጡ። የኖርዝ ካሮላይናው የ1830 ሕግ ለሕግ ተማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። ወንጀሉ አንድ ሆኖ ቅጣቱ እንደ ቆዳው ቀለም ይለያያል። ባሪያን ፊደል ያስቆጠረ ነጭ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ይከፍላል ወይም ይታሰራል። ነፃ ጥቁር ከሆነ መቀጮና እስራቱ እንዳለ ሆኖ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ጅራፍ ሊገረፍም ይችላል። አስተማሪው ራሱ ባሪያ ከሆነ ሠላሳ ዘጠኙን ይቀምሳል። ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ከክልከላው ውጪ አድርጓል፤ እሱም ሒሳብ ነው። የጥጥ ጆንያ የሚቆጥር ሰው ለጌታው ያስፈልገዋላ!

ሕጎቹ ወረቀት ላይ ብቻ የቀሩ አልነበሩም። በቨርጂኒያ ኖርፎክ ከተማ ማርጋሬት ዳግላስ የተባለች ነጭ ሴት ከልጇ ጋር ሆና የነፃ ጥቁሮችን ልጆች በቤቷ ታስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ተከሰሰች። ሴትዮዋ የባርነት ተቃዋሚ አልነበረችም፤ ራሷም የደቡብ ሰው ነበረች። ያለ ጠበቃ ቆማ ተከራከረች፤ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ቤተሰቦች በሰንበት ትምህርት ቤት ይህንኑ ሲያደርጉ ማን ጠየቃቸው አለች። የዳኝነት ጉባዔው አባላት አፍረው ነው መሰለኝ አንድ ዶላር ብቻ ትቀጣ አሉ። ዳኛው ግን ለሌላው መቀጣጫ ትሁን ብሎ አንድ ወር እስር ቤት አስገባት።

እንዲህ ባለው አገር ባርነት ሲወድቅ ማንበብ ይችሉ የነበሩት ጥቁሮች ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር እንደሚሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። እነዚህ ጥቂቶች ግን ኋላ የተደረገውን ሁሉ የጀመሩ ናቸው።

ኮንትሮባንድ

የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በሜይ 1861፣ ሦስት ባሪያዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው በቨርጂኒያ ጠረፍ ወዳለው የሰሜኖቹ ምሽግ ወደ ፎርት ሞንሮ ገቡ። የጌታቸው ተወካይ በማግሥቱ መጣና የኮበለለ ባሪያ ወደ ጌታው ይመለስ የሚለውን የፌዴራል ሕግ ጠቅሶ ስጡኝ አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። የመለሰው መልስ እስካሁን ያስቀኛል። ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ተገንጥያለሁ ብላለች፤ የአሜሪካ ሕግ ለባዕድ አገር አይሠራም። ሰዎቹን ንብረት ናቸው ካላችሁ ደግሞ፣ ለጠላት ጦር ምሽግ ሲሠሩ የነበሩ ንብረቶች ስለሆኑ እንደ ጦርነት ኮንትሮባንድ ይዣቸዋለሁ አለ።

ኮንትሮባንድ እኛ ዘንድ በድንበር የሚገባ ቡታንቲና ሲጋራ ነው። እዚያ ግን የሰው ልጅ መጠሪያ ሆነ። ወሬው በየእርሻው ሲዳረስ ሰዎች በመቶዎች፣ ቆይቶም በሺዎች እየሆኑ ወደ ምሽጉ ጎረፉ። በትለር ያደረገው ነፃ ማውጣት አይደለም። የባርነቱን ሕግ በራሱ አመክንዮ ጠልፎ መጣል ነው። ሆኖም ጥላውን ያገኙት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ከሆነው አንዱ፣ ልጆቻችንን ማን ያስተምርልን የሚል ነበር።

መልሱ እዚያው ጎረቤት ተገኘ። ሜሪ ፒክ እ.ኤ.አ. በ1823 ነፃ ሆና የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በልብስ ሰፊነት እየተዳደረች ከጦርነቱ በፊት በድብቅ ታስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1861 የአሜሪካ ሚሲዮናዊ ማኅበር በሚባለው ድርጅት ስም ትምህርት በግልጽ ጀመረች። የመጀመሪያው ክፍሏ ሃምፕተን ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ጥላ እንደነበር ይነገራል። ቀን ልጆችን፣ ማታ አዋቂዎችን ታስተምር ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት አልጋ ላይ ሆና እንኳ ማስተማሯን አልተወችም፤ በፌብሩዋሪ 1862 አረፈች። ሊንከን የነፃነት አዋጁን የፈረመው ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ዛፉ ዛሬም በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆሟል፤ አዋጁም እ.ኤ.አ. በ1863 ከሥሩ ተነብቧል።

በዚያው ዘመን በሳውዝ ካሮላይና ደሴቶች የነበሩት ባለ እርሻዎች የሰሜኑን ባሕር ኃይል ፈርተው ሲሸሹ አሥር ሺህ ገደማ ባሪያዎች ያለ ጌታ ቀሩ። ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት እ.ኤ.አ. በ1862 የመጣችው ላውራ ታውን በኋላ ፔን የተባለውን ትምህርት ቤት አቆመችና እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1901፣ እዚያው ኖረች። የፊላደልፊያዋ ጥቁር መምህርት ሻርሎት ፎርተንም በዚያው ዓመት ደርሳ አብራቸው አስተምራለች።

የባሪያ ገበያው ትምህርት ቤት ሆነ

ከሁሉም ይበልጥ የምወደው የሳቫና ታሪክ ነው። የጄኔራል ሸርማን ጦር የጆርጂያዋን ሳቫና የያዘው በዲሴምበር 1864 ነበር። ወር ሳይሞላ የከተማዋ ጥቁር ቄሶች ተሰብስበው የሳቫና ትምህርት ማኅበር የሚባል አቋቋሙ። ከምዕመናኑ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ አዋጡ። ለመምህርነት የሚወዳደሩትን ራሳቸው ፈትነው መረጡ፤ የተመረጡት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች አንዱ የብራያን የባሪያ ገበያ በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነበር። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሰው ለጨረታ ይቀርብበት በነበረው አዳራሽ ልጆች ተደርድረው ፊደል ቆጠሩ።

የማኅበሩ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። ቄሶቹ ከሰሜን ከመጡት ሚሲዮናውያን ገንዘብ እንጂ አስተዳዳሪ አልፈለጉም። ሚሲዮናውያኑ በበኩላቸው ጥቁሮቹ ይህን የሚያህል ሥራ ይመራሉ ብለው አላመኑም። የተዋጣው ገንዘብ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶቹ በእነሱ እጅ ገቡ። የለጋሽ ድርጅት ጠባይ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ሚሲዮናውያኑ ብዙ መልካም ነገር መሥራታቸውን አልክድም። ሕይወታቸውን የሰጡም አሉ። ነገር ግን ምስጋናው ሁሉ ለእነሱ እየተሰጠ የሚጻፈውን ታሪክ አልቀበልም። በኋላ የመምህራኑን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከሦስት መምህራን ከአንድ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች እንደነበሩ አሳይተዋል።

ሌላም ምስክር አለ። የመንግሥት የትምህርት ተቆጣጣሪ የነበረው ጆን አልቮርድ ደቡብን ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ ባቀረበው ሪፖርት፣ ነፃ የወጡት ሰዎች ራሳቸው የከፈቷቸውና ነጭ ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አምስት መቶ እንደሚሆኑ ገምቷል። በአንዳንዶቹ አስተማሪው ከተማሪው የሚበልጠው በጥቂት ገጽ ብቻ ነበር። ዛሬ ማታ ያወቀውን ነገ ጠዋት ያስተምራል። መማሪያው ሰማያዊ ጀርባ ያለው የዌብስተር የፊደል መጽሐፍ ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ያጠኑበት ነበር።

ግብር ጣሉብን ያሉ ሰዎች

በሉዊዚያና የሆነውን ለግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ እንዲሆን ብዬ አይደለም የማነሳው። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1864 ለነፃ ወጪዎቹ ትምህርት ቤቶች ማስኬጃ የሚሆን ልዩ ግብር ጥሎ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ግብሩ ቆመ፤ ትምህርት ቤቶቹም መዘጋት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ጥቁሮቹ ልዩ ግብር በእኛ ላይ ይጣልብን ብለው አቤቱታ አስገቡ። አቤቱታው ሠላሳ ጫማ የሚረዝም ጥቅል ወረቀት ሲሆን የአሥር ሺህ ሰዎችን ድምፅ የያዘ ነው ተብሏል። ብዙዎቹ መፈረም ስለማይችሉ የመስቀል ምልክት አድርገዋል። እኔ እስካነበብኩት ድረስ ድሃ ሕዝብ ግብር ክፈል ሳይባል ልክፈል ብሎ የለመነበት ሌላ ሰነድ አላጋጠመኝም።

መንግሥትስ? ኮንግረሱ የነፃ ወጪዎችን ቢሮ ያቋቋመው በማርች 1865 ነው። የማቋቋሚያ ሕጉ ምግብ፣ ልብስ፣ ማገዶና የተተወ መሬት ይላል እንጂ ትምህርት ቤት የሚል ቃል የለበትም፤ በጀትም አልተመደበለትም። የቢሮው ኃላፊ ጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ከተተወ ንብረት በሚገኝ ኪራይ መምህራን እያጓጓዘ፣ የጦር ሠፈር እየሰጠ ሥራውን ጀመረ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን አልፈርምም ያሉት የ1866ቱ ሕግ በኮንግረሱ ድምፅ ብልጫ ሲጸድቅ ነው ለትምህርት ቤት ሕንፃ ማውጣት በግልጽ የተፈቀደው። የቢሮው የትምህርት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲያበቃ ከአራት ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችና ሩብ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ነበሩ። ዱ ቦይስ እንደጻፈው ለትምህርቱ ከወጣው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺሁን ያዋጡት ባዶ እጃቸውን ከባርነት የወጡት ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ስማቸው የሚጠራው ታላላቅ የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች የተወለዱት በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው። ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1866 በናሽቪል በተተወ የጦር ሆስፒታል ተከፈተ። ገንዘብ ሲቸግረው ተማሪዎቹ በ1871 ዘፋኝ ቡድን ሆነው አገር ለአገር ዞረው የግቢውን ትልቅ ሕንፃ አሠሩ። የአላባማው ታላዴጋ ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። ዊልያም ሳቨሪ የተባለው አናፂ ባሪያ ሳለ የነጭ ልጆች የሚማሩበትን ትልቅ የጡብ ሕንፃ ከሠሩት አንዱ ነበር። ነፃ ሲወጣ ከጓደኛው ከቶማስ ታራንት ጋር ሆኖ ትምህርት ቤት አቆመ። ተማሪው ሲበዛ ያ ሕንፃ ለጨረታ መውጣቱን ሰሙና ቢሮውና ሚሲዮናዊ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1867 እንዲገዙላቸው አደረጉ። የሳቨሪ ልጆች አባታቸው በባርነት በሠራው ቤት ውስጥ መማር የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ በሰላም አልሆነም። በሜይ 1866 በሜምፊስ የነጭ ሕዝብና ፖሊስ ለሦስት ቀን በጥቁሮች ሠፈር ላይ ሲዘምት 46 ጥቁሮች ተገደሉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውና ትምህርት ቤታቸው ተቃጠለ። በሚሲሲፒ የሞንሮ ወረዳ የትምህርት ኃላፊ አለን ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1871 በኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ሌሊት ከቤቱ ተወስዶ 75 ጊዜ ተገረፈ። ጥፋቱ ለትምህርት ቤት የሚሆን ግብር ማሰባሰቡ ነበር። ገራፊዎቹ የሚጠሉትን በደንብ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱና ዳኛው

ጥቁሮች የመምረጥ መብት ሲያገኙ መጀመሪያ ካደረጉት አንዱ ትምህርትን በሕገ መንግሥት ማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የተሰበሰበው የሳውዝ ካሮላይና ጉባዔ አብዛኛው አባል ጥቁር ነበር። የሕዝብ ትምህርት ቤት ይቋቋም የሚል ሐሳብ ካቀረቡት አንዱ፣ በጦርነቱ ጊዜ የደቡቦቹን መርከብ ከነመድፏ ነድቶ ያመለጠው ሮበርት ስሞልስ ነው። ድሃ ነጮች ጭምር የተማሩበት ነፃ የመንግሥት ትምህርት በደቡብ ሥር የሰደደው በእነዚህ ጉባዔዎች ነው። ይህን ዛሬም የሚናገር ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1877 በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት እጁን ሲሰበስብ የድሮዎቹ ጌቶች ተመለሱ። ትምህርት ቤቶቹን ሙሉ በሙሉ አልዘጓቸውም፤ በጀታቸውን አነቁት። እዚህ ላይ ለሕግ ሰው የሚያሳፍር አንድ ፍርድ አለ። በጆርጂያዋ ኦገስታ የነበረውን ዌር የተባለ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርት ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ዘጋ። የነጮቹን ግን አልነካም። ጥቁር ወላጆች እኛ በምንከፍለው ግብር እንዴት የእነሱ ብቻ ይቀጥላል ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1899 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ አቤቱታቸውን ጣለ። ፍርዱን የጻፈው ማነው ቢሉ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በፕሌሲ ክስ ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም ብሎ ብቻውን የተለየ ሐሳብ ያሰፈረው ያው ሃርላን! ፕሌሲ ‹‹ለየብቻ ግን እኩል›› ብሎ ነበር። በኦገስታ እኩሉም ቀረ። ተማሪ ሳለሁ የፕሌሲውን ልዩነት በአድናቆት ነበር የተማርነው። የኦገስታውን ያነሳልን አልነበረም።

መንግሥት ሲሸሽ ጥቁሮች እንደገና ወደ ኪሳቸው ገቡ። ቱስኪጊ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲከፈት የአላባማ ምክር ቤት የፈቀደው ለመምህራን ደመወዝ የሚሆን ሁለት ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ መሬትም ሕንፃም የለም። ከሃምፕተን የተመረቀው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ተማሪዎቹን ጡብ እያስጋገረ ነው ግቢውን ያቆመው። እሱና ዱ ቦይስ እጅ ይቅደም አዕምሮ በሚለው የተጨቃጨቁት ረጅም ጭቅጭቅ የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም። ከ1912 እስከ 1932 ደግሞ ነጋዴው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከዋሽንግተን ጋር በጀመረው ዕቅድ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ሮዘንዋልድ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ጥቁር ገበሬዎች በጥሬ ገንዘብ፣ በመሬትና በጉልበት ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ነው። ግብር መክፈላቸውም አልቀረላቸውም፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ውጤቱ በሕዝብ ቆጠራ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1870 ከመቶ ሰማንያ ጥቁሮች ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በ1910 ቁጥሩ ወደ ሠላሳ ወርዷል።

የእኛም ሰዎች ከዚህ ታሪክ ተካፍለዋል። በጄኔራሉ ስም የተሰየመው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1867 ተመሠረተ። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከዚያ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ ያሰባሰበውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ሊበር የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መካኒክነት የተማረው ቱስኪጊ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 አረፈ። ዛሬ በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ምግብ ቤት የከፈቱበት ዘጠነኛ ጎዳና ከሃዋርድ ግቢ በእግር የሚደረስ ነው።

የሃዋርድ ሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1869 ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን የነፃ ወጪዎች ቢሮ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ጆን ሜርሰር ላንግስተን ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ በቻርልስ ሂውስተን እጅ የሠለጠነው ተርጉድ ማርሻል በ1933 ከዚያ ተመረቀ። በትውልድ ከተማው በባልቲሞር ያለው የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ጎበዝ ጠበቃ እሱ ነው።

በብራውን ስም ከተጠቃለሉት አምስት ክሶች አንዱ የመጣው ከቨርጂኒያዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ወረዳ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ተማሪዎችን አስተባብራ ትምህርት አቁማ ነበር፤ ትምህርት ቤታቸው ስለጠበበ በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ ጎጆዎች ይማሩ ነበርና። ክሱን አሸነፉ። ወረዳው ግን ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፤ እስከ 1964 አልከፈታቸውም። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሜሪ ፒክ በዛፍ ሥር ካስተማረች መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በዚያችው በቨርጂኒያ፣ የጥቁሮቹ ልጆች እንደገና በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤትና በሰው ቤት ሳሎን ተሰብስበው ማንበብ የሚያውቅ ሰው እየፈለጉ መማር ጀመሩ።